ትራኦሬዎች መንደር የተላከው ዲያራ

የሴጉ ምድር ሰው ሆይ፣ ከባኒ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ የምትኖር ሁሉ፣ ገበሬም ሁን አሣ አጥማጅ፣ የያዝከውን አስቀምጥና አድምጥ። ከዘንድሮው የካቲት ወር ጀምሮ ሱንካሎ ዲያራ፣ ቁመቱ በጫማም ያለ ጫማም ያው የሆነ፣ ሞተሩ ዳገት ሲገጥማት ወርዶ የሚገፋት፣ የክፍለ አገሩ የወጣቶች ጤናና አደገኛ ልማዶች ጊዜያዊ ጠያቂ ሆኖ መሾሙ ይታወቅ። ግዛቱ ዘጠና ስድስት ጥያቄ ነው። ዘውዱ ፀሐይ ያነጣው ኮፍያ፣ በትረ መንግሥቱም በገመድ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ እስክሪብቶ ነው። የንግሥናው ዘመን ሦስት ሳምንት ብቻ ስለሆነ፣ አቤቱታ ያለው ይፍጠን።

ሱንካሎ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን የክትባት በረዶ ሣጥን በብስክሌት ጭኖ ከመንደር መንደር ሲዞር ፈጅቶታል። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ዛሬ ጢም አውጥተውም ሲያዩት ክንዳቸውን ያሻሉ። ቢሮው መኪና ሲገዛ ሣጥኑ መኪና ላይ ወጣ፤ ሱንካሎ ከነብስክሌቱ መሬት ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንጀራው ጥናት በመጣ ቁጥር መጠየቅ ሆነ። ስለ አጎበር ጠይቋል፤ ስለ መጸዳጃ ቤት ጠይቋል፤ አንድ ጊዜም ሰው በቀን ስንት ጊዜ እጁን እንደሚታጠብ ጠይቆ፣ ውኃ የግማሽ ቀን መንገድ ተሄዶ በሚቀዳበት መንደር "አሥራ አንድ ጊዜ" የሚል መልስ ይዞ ተመልሷል። ከመልስ ጋር ክርክር የለም። የጠያቂዎች መመሪያ ገጽ አራት ላይ በደማቅ ቀለም "አትሳቅ፤ አትገረም፤ አትጨምር፤ የተባለውን ብቻ ምልክት አድርግ" ይላል። ሱንካሎ ከጸሎቱ ቀጥሎ በቃሉ የያዘው ይህንን ነው።

የዘንድሮው ጥናት ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያሉትን ልጆች ይመለከታል። ምን ያጨሳሉ፣ ምን ይጠጣሉ፣ ምን ይውጣሉ፣ አንድ ሞተር ላይ ስንት ሆነው ይፈናጠጣሉ፣ ፊታቸውን በምን ቅባት ያነጣሉ፣ በወር ውስጥ ስንት ቀን ከፍቷቸዋል። ጠያቂዎቹን በየመንደሩ የደለደለው ኮምፒውተር ነበር። ኮምፒውተር ቁጥር እንጂ የአባት ስም አያነብም፤ ስለሆነም ሱንካሎ ዲያራን ሶኩራኒ ላከው። ሶኩራኒ ውስጥ ደግሞ ከኢማሙና ከአንጥረኛው በቀር ፍየሉም ሳይቀር ትራኦሬ ነው።

ዲያራና ትራኦሬ በተገናኙ ቁጥር መሰዳደብ የአባቶቻቸው ውል ነው። ዲያራው ትራኦሬውን አደንጓሬ በሊታ ይለዋል፤ ትራኦሬውም ዲያራውን አደንጓሬ በሊታ ይለዋል። ከድስቱ አጠገብ እጁ ተይዞ የተገኘው በእርግጥ የማን አያት እንደሆነ ስንት ትውልድ ተከራክሮበት አልተቆረጠም። የተሰደበ አይቆጣም፤ የተለመነ አይከለክልም። ዲያራ ከትራኦሬ ግቢ ዶሮ አንቆ ቢወጣ ሌባ አይባልም፤ ሁለት ትራኦሬዎች ተጣልተው ዲያራ "ታረቁ" ቢላቸው እምቢ የሚል አልተወለደም። ይህን በሴጉ ምድር ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል፤ የማያውቀው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

ሱንካሎ በትምህርት ቤቱ ግቢ ከኒሙ ዛፍ ሥር ጠረጴዛውን ዘረጋ። የመጀመሪያው ተጠያቂ ጉልበቱ ሱሪውን ቀድዶ የወጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። ሳይቀመጥ ከሱንካሎ ደረት ላይ ያለውን መታወቂያ አነበበ።

"ዲያራ?" አለ።

"ዲያራ።"

"ጉድ ፈላ። መንግሥት ሰው አጥቶ አደንጓሬ በሊታ ይላክብን?"

"ተቀመጥ፣ አንተ የአደንጓሬ ማሰሮ። እዚህ ዛፍ ሥር የተነገረ ከወረቀቱ አይወጣም፤ ስምህም አይጻፍም። ባለፉት ሠላሳ ቀናት ሲጋራ ያጨስክባቸው ቀናት ስንት ናቸው?"

"ሠላሳ።"

"ሠላሳ ሙሉ?"

"ሌሊቱን ካልቆጠርክ ነው። ከቆጠርክ ስልሳ በል።"

"መጠጥስ?"

"በጀሪካን ነው የምትጽፈው በበርሜል?"

ሶኩራኒ ውስጥ መጠጥ ቤት የለም። ቢራ የሚባለውን ነገር ለማየት ሞተር ተከራይቶ ግማሽ ቀን መጋለብ ያስፈልጋል፤ ኢማሙ ከሰማ ደግሞ የመመለሻውን መንገድ መርሳት ይሻላል። ሱንካሎ ግን መመሪያውን አክብሮ ከሁሉ የመጨረሻውን ሣጥን ምልክት አደረገ። "አትሳቅ" የሚለውን ግን አላከበረም። እኩለ ቀን ሲሆን ግቢው ሞልቶ ልጆቹ በጥፋት ይፎካከሩ ነበር። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሞተር ስትነዳ የራስ መከላከያ ታደርግ እንደሆነ ስትጠየቅ፣ "የማደርገው ለፍየሏ ነው፤ እኔ ብሞት ትራኦሬ ሞልቷል፣ ፍየሏ ግን አንድ ናት" ስትል ሱንካሎ በመጠይቅ ቅጹ እንባውን ጠረገ።

ሠላሳ ሰባተኛዋ ተጠያቂ ተኒን ትራኦሬ ነበረች። ስሟን ያወቀው ከኋላ የቆሙት "ተኒን፣ ቶሎ በይ እንጂ" ሲሏት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ አንገቷ እንደ ጎልማሳ የደነደነ፣ ቅልጥሟ ላይ የወንዝ አሸዋ ደርቆ የቀረ ልጅ ናት። ለሸክም ከአናት ላይ የሚደረገውን ጥቅል ጨርቅ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። መታወቂያውን አየችው፤ ስድብ ግን አልመጣም።

"ምነው፣ አፍሽን አደንጓሬ ሞልቶታል?" አላት።

"ይጠይቁኝ። ሥራ አለብኝ።"

ሱንካሎ ቅር አለው። ዲያራን የማይሰድብ ትራኦሬ ሰላምታ እንደነፈገ ይቆጠራል። እናትየው ምን አስተምራ አሳደገቻት እያለ ጥያቄዎቹን አወረደባት። ሲጋራ፣ የለም። መጠጥ፣ የለም። ሐኪም ሳያዝልሽ ለጉልበት ወይም ለሕመም ኪኒን የወሰድሽባቸው ቀናት?

"ሃያ ሁለት።"

"ሃያ ሁለት?"

"ሃያ ሁለት አልኩዎት።"

የልብ ጓደኛ ስንት አለሽ? አንድም። እንቅልፍ? "ይመጣል፤ እጄ መንቀጥቀጡን ሲተው ይመጣል።" ሱንካሎ ምልክቱን አደረገና "የሚቀጥለው" ብሎ ተጣራ። የሚቀጥለው ልጅ ከሩቁ እየተሳደበ ስለመጣ ቅሬታውን ወዲያው ረሳው።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሴጉ ከተማ ተጠራ። የጥናቱ ኃላፊ ማዳም ሲሶኮ የሶኩራኒን ውጤት ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታዋለች። ስልሳ አንድ ልጅ፤ በመጠጥ ከዋና ከተማው የበለጠ፣ በጭስ ከጡብ ማቃጠያ የበለጠ። ስለ መንደሩ የሚበተነው በራሪ ወረቀት ሳይቀር ተረቅቋል፤ ርዕሱ "የጠፋ ትውልድ" ይላል። ማዳም ሲሶኮ ግን የአገሩ ልጅ ናትና፣ የጠያቂውን ስምና የመንደሩን ስም ጎን ለጎን ባነበበች ጊዜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ዲያራን ትራኦሬዎች መንደር የላከው ማነው?"

"እርስዎ ነዎት ማዳም። ፊርማዎ አለበት።"

"እኔ የፈረምኩት ቁጥር ላይ ነው።"

"እኔም የጻፍኩት ቁጥር ነው።"

"አትቀልድብኝ ሱንካሎ፣ እኔ ትራኦሬ አይደለሁም። ይህ ሁሉ ይሰረዛል። ሐሙስ በደንቡ መሠረት ይቃጠላል፤ ሌላ ጠያቂ ይሄዳል። ስልሳ አንዱም ቀልድ ነው።"

"ስልሳው።"

"ምን?"

"ስልሳው ቀልድ ነው ማዳም። አንዱ አይደለም።"

ያለው ነገር የገባው እሱ ራሱም ሲሰማው ነው። ቀልደኛ ሠላሳ ይላል፣ ስልሳ ይላል፣ "ከተወለድኩ ጀምሮ" ይላል፤ ሃያ ሁለት የሚል ቀልደኛ የለም። በወር ውስጥ አራት ዓርብ አለ፤ ዓርብ ታንኳዎቹ አይወጡም። አራት ሰኞ አለ፤ ሰኞ ገበያ ነው። ከሠላሳ ላይ ስምንት ሲነሳ የሚተርፈው፣ ከባኒ ታንኳ ላይ እርጥብ አሸዋ በሳፋ እየሞሉ ዳገቱን ወጥተው የጭነት መኪና ላይ የሚደፉ ሴቶች የሥራ ቀን ነው። ልጅቱ ስትመልስ ቀኖቿን በጣቷ ቆጥራ ኖሯል።

ማዳም ሲሶኮ አዳመጠችው። "ቅጹ ስም የለውም" አለች።

"የለውም።"

"አንተ ግን ታውቃታለህ።"

ሱንካሎ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን እስክሪብቶ ያዘ።

"ብታውቃትም አታውቃትም። ከዛፍ ሥር የሰማኸውን ለአንድ አባት ከነገርክ፣ ነገ በየትኛው መንደር የትኛው ልጅ እውነቱን ይነግረናል? በሐምሌ ስለ ኪኒን በራሪ ወረቀት እንበትናለን። ጠብቅ።"

ስለ ምስጢሩ የተናገረችው ትክክል ነበር። በዚህ ዓመት ከዚያ ቢሮ ከወጡት ጥቂት ትክክለኛ ነገሮች አንዱ ስለሆነ በሱንካሎ ላይ የከበደውም ለዚህ ነው። ስህተት ቢሆን ኖሮ ጥሎት ይወጣ ነበር። በሐምሌ ስለሚበተነው ወረቀት ግን ማንም እንዲጨነቅ አያስፈልግም፤ በሐምሌ ይዘንባል፣ ወረቀትም ለምድጃ መለኮሻ ይፈለጋል።

ሱንካሎ ሦስት ሴት ልጆች ድሯል። የመጀመሪያዋ ወሮኪያ፣ ሙሽራ ይዛው የምትገባውን ዕቃ ለማሟላት እንደ ጓደኞቿ ዋና ከተማው ባማኮ ወርዳ በሰው ቤት አገለገለች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አበባ የተሳለባቸው ሰባት ድስቶች በጭንቅላቷ ተሸክማ ስትመለስ፣ ሱንካሎ ግቢው መካከል አስደርድሮ ጎረቤት ጠራ። ድስቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ቀኝ እጇ በሰው ቤት ሥራ ተጎድቶ የማይዘረጋ መሆኑን ያየው ግን ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ያውም ሰው ነግሮት። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰውን ልጅ ክንድ ሲወጋ የኖረ ሰው፣ የገዛ ልጁን ክንድ አላየም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ሶኩራኒ ተመለሰ። የተኒን አባት ቼኮሮ ትራኦሬ ከዳሱ ሥር የማሽላ ጎተራ ክዳን ይጎነጉን ነበር። ሚስቱ፣ ሳራን የምትባለው፣ ገንፎ ታማስላለች። ተኒን ከግድግዳው ጥግ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

"የአደንጓሬ ሽታ እዚህ ድረስ መጣብኝ" አለ ሱንካሎ ከደጅ።

"ከራስህ ጢም ነው የሸተተህ" አለ ቼኮሮ ቀና ሳይል። "ግባ። ሳራን፣ ድስቱን ክደኚው፣ ዲያራ መጣ።"

"ክደኚው ክደኚው፤ እፍረትህን የሚከድን ክዳን ግን አልተሠራም። ግብሬን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ግብር! አያትህ ለአያቴ ፈረስ ጠባቂ ነበር። ይሁን፣ የድሃ ልመና አይመለስም። ያንን ቀዩን አውራ ዶሮ ያዝ።"

"ዶሮ አልፈልግም።" ሱንካሎ ግቢውን በዓይኑ ዞረው። ከተኒን አጠገብ ታችኛው ጠርዙ የተጎሳቆለ ትልቅ የብረት ሳፋ ተደግፏል፤ ውስጡ ገና እርጥብ አሸዋ አለ። "ያንን እወስዳለሁ።"

የሳራን ማማሰያ ቆመ። "ሳፋ? ሚስትህ መታጠቢያ አጣች?"

"ሚስቴ ምን እንዳጣች ትራኦሬ አይጠይቅም።"

"የልጄ መሥሪያ ነው እኮ" አለች ሳራን። "ይህን የሚያክል ሞልታ፣ እንደ ወንድ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ወንዝ ዳር ያሉት ሴቶች በቅናት አለቁ።"

ቼኮሮ ጉንጉኑን ጉልበቱ ላይ አኖረ። "ሊቀልድ የመጣ ዲያራ ዶሮ ይወስዳል" አለ ቀስ ብሎ። "ዶሮ የሚበላ ነገር ነው። ሳፋ የሚወስድ ዲያራ ሆዱ ውስጥ ነገር አለ።" ቀጥሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ውሉ ግን የተለመነ ለምን እንዳይል ያስራል። ፊቱን ወደ ልጁ መለሰ። ተኒን እጆቿን ከብብቷ ሥር ደብቃለች። ሳፋ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ሰው እጁን አይደብቅም። ቼኮሮም ይህን ሳያስተውል አልቀረም፤ ጉንጉኑን አንሥቶ ወደ ጎን አኖረው።

"ውሰድ" አለ በመጨረሻ። "ዲያራ የወሰደውን በሌላ መተካት ስጦታን መልሶ መንጠቅ ነው። እሱ እስኪመልሰው ከዚህ ቤት ሌላ ሳፋ አይገዛም፤ ከጎረቤትም አይለመንም። ሰማሽ ሳራን?"

"አብደሃል? የልጃችን ሠርግ ደርሶ?"

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ። አደንጓሬ በሊታ ሁለት ሆኑብኝ።"

ሱንካሎ ሳፋውን ከሞተሩ ኋላ በጎማ አስሮ ወጣ። ከወንዙ በላይ ያለው ዳገት ላይ ወርዶ ሲገፋ ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። ተኒን ነበረች።

"ለአባቴ ነገሩት?"

"አልነገርኩም።"

"ሊነግሩት ነው?"

"ወረቀቱ ሐሙስ ይቃጠላል። እኔም እንደ ወረቀቱ አልናገርም።"

"ታዲያ ሳፋዬ ምን አደረገዎት?"

"ዲያራ ነኝ። ያየሁትን እወስዳለሁ።"

"እኔ ሕፃን አይደለሁም" አለች። እያለከለከች ነበር፤ የመጣችበት መንገድ ግን አጭር ነው። "ያለ ኪኒኑ አምስተኛው ምልልስ ላይ አንገቴ ይያዛል። ሁሉም ይወስዳሉ። ሰኞ ገበያ ላይ ከቅባቱና ከባትሪ ድንጋዩ ጎን ይሸጣል፤ ማንም አልደበቀውም። ድስቶቼ አምስት ናቸው። ሰባት ሳይሞሉ ብገባ የባሌ እናት ምን እንደምትል ያውቃሉ? ትቆጥራለች።"

"አውቃለሁ። እኔም ቆጥሬያለሁ።"

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም፤ እሱም አላብራራም። "ኪኒኑን ባንድ ጊዜ ስትተዪው ሰውነትሽ ያምፃል" አላት። "ላብ ላብ ይልሻል፣ ትንቀጠቀጫለሽ። እናትሽ ወባ ነው ትላለች። ጤና ጣቢያ ስትወስድሽ ነርሷን ብቻዋን አነጋግሪያት። ለእሷ የምትነግሪው አንቺ ነሽ፤ እኔ አይደለሁም።"

ተኒን ሞተሩን አየች፤ ሳፋውን አየች። "እንዳያጎብጡት" አለችና ቁልቁል ተመለሰች።

በአራተኛው ቀን ተንቀጠቀጠች፤ ሳራንም ወባ ነው አለች። ሱንካሎ ይህን የሰማው ለሥራ ሴጉ ከሚመላለሰው ከአንጥረኛው ነው። ነርሷ ደሟን አይታ ወባ አጣች፤ እናትየዋን ውጭ አስቀምጣ በሩን ዘጋች። ከበሩ በስተጀርባ ምን እንደተባለ አንጥረኛውም አያውቅም፤ ነርሷም አልተናገረችም። የሚታወቀው ተኒን በየማክሰኞው ጤና ጣቢያ ስትሄድ መታየቷ ነው። አንዳንድ ማክሰኞ ደግሞ አለመታየቷ።

ቅጾቹ ሐሙስ ተቃጠሉ። ሱንካሎ እቶኑ አጠገብ ቆሞ አየ፤ ሠላሳ ሰባተኛው ከስልሳዎቹ የተለየ ነበልባል አልነበረውም። ወደ ሶኩራኒ አዲስ ጠያቂ ተላከ፤ ማይጋ የሚባል፣ ከሰሜን የመጣ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትራኦሬዎች የማይቀልዱበት ወጣት። ልጆቹ እንግዳ አክባሪዎች ናቸውና ተራ በተራ እጃቸውን አጣጥፈው ቀረቡ። ሲጋራ? የለም ጌታዬ። መጠጥ? አላህ ይጠብቀን። ኪኒን? የለም፣ የለም፣ ስልሳ አንድ ጊዜ የለም። ሶኩራኒ በአንድ ወር ውስጥ ከጠፋ ትውልድነት ወደ ምሳሌ መንደርነት አደገ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ወረቀቱም በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ አለ። ሰኞ ሰኞ ኪኒን ሻጩ ከሥሩ ያልፋል። የሱንካሎ ውል አልታደሰም፤ የሚያሳቅቅ ጠያቂ መልስ ያበላሻል ተብሎ ተጻፈበት።

አሁን በዚህ ሳምንት ቼኮሮ በአንጥረኛው በኩል መልእክት ልኳል። "ዲያራ ሆይ፣ ውሉን አክብሬያለሁ፤ ምንም አልጠየቅሁም። ልጄ ሁለት ወር አሸዋ አልተሸከመችም፤ ሥጋ እየያዘች ነው፤ ይህንንም አይቻለሁ። ነገር ግን ሠርጉ ከዝናቡ በፊት ነው፤ ድስቶቹ አምስት ናቸው፤ እናቷ አልቅሳ አታባራም፤ ልጅቱም ሳፋዬን ትላለች። እኔ እህል ሸጬ አንድ እንኳ ልጨምር ብል ጎተራውን አይተኸዋል። ሳፋዬን መልስ አልልህም፤ የምለውን ግን አንተ ታውቃለህ።"

ሱንካሎ ያውቃል። ሳፋውን ቢመልስ፣ ወንዙ እዚያው ነው፤ ሰኞም ገና ብዙ አለ። ባይመልስ፣ ልጅቱ በሰው ቤት ዕድሜዋን ሙሉ አምስት ድስት ይዛ የገባችው ተብላ ትጠራለች። ከራሱ ቤት እንዳይሰጥ የወሮኪያ ድስቶች ወሮኪያ ቤት ናቸው።

ስለዚህ እናንተ በየቢሮው የተቀመጣችሁ፣ የወጣቱ ጤና እንቅልፍ የነሳችሁ፣ በሐምሌ ወረቀት የምትበትኑ፦ ሐምሌን ሳትጠብቁ፣ ከዝናቡ በፊት መኪናችሁን ወደ ሶኩራኒ አውርዱና ከወረቀቱ እሽግ ጎን ሁለት ድስት ጫኑባት። መካከለኛ ይሁኑ፣ አበባ የተሳለባቸው፣ እጀታቸው ያልላላ። ክዳን ቢኖራቸው ይመረጣል፤ ክዳን ማምጣት አቃተን የምትሉ እንደሆነ ግን፣ ቢያንስ ከመካከላችሁ አንዱ ባልየው ቤት ደጃፍ ድረስ መጥቶ፣ አማቲቱ መቁጠር ስትጀምር እሱ ከድስቶቹ ይልቅ የልጅቱን እጆች ይመልከት።